ነፋሱ ሳይመታ

ጉንፋን ክብር የሌለው በሽታ ነው። ጠያቂ አያስመጣም፤ ከሥራ ለመቅረትም በቂ ምክንያት ተደርጎ አይቆጠርም። «ምን ሆነህ ነው?» ሲባል «ምንም አይደል፣ ጉንፋን ነው» ብሎ መመለስ የሁላችንም ልማድ ነው። ይሁን እንጂ በዚህች «ምንም አይደል» በምትለው መልስ ውስጥ የተዘነጋ ታሪክ አለ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያስለቀሰውና በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎቿን የቀጠፈው፣ አባቶቻችንም «የኅዳር በሽታ» ብለው ያቆዩልን መቅሠፍት ያን ጊዜ ዓለምን በሙሉ ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ በተለያዩ ቫይረሶች የሚመጡ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ሁለቱም በአፍንጫ ፈሳሽ፣ በሳልና በራስ ምታት ሊጀምሩ ስለሚችሉ ግን ሕዝብ በአንድ ስም ሲጠራቸው ኖሯል። የመጀመሪያው በሳምንት ገደማ ይለቃል፤ ሁለተኛው አረጋዊውን፣ ነፍሰ ጡሯንና ሕፃኑን ወደ ሳንባ ምች ሊያደርስ ይችላል።

በአማርኛ ጤንነቱ የተጓደለበት ሰው «ብርድ መታኝ»፣ «ነፋስ ገባኝ»፣ «ምች መታኝ» ይላል። ምች የሚለው ቃል ራሱ መምታትን ያስታውሳል። ከእኛ እጅግ ርቆ የሚኖረው የቻይና ሕዝብም ጉንፋንን ከሚጠራባቸው ስሞች አንዱ «ሻንግፌንግ» ነው፤ በነፋስ መጎዳት ማለት ነው። ስትሮክ የምንለውን ድንገተኛ ሕመም ደግሞ «ዦንግፌንግ» ይሉታል፤ በነፋስ መመታት ማለት ነው። በየብስም በባሕርም የማይጎራበቱ ሁለት ሕዝቦች፣ ተሕዋስያንን የሚያሳይ መነጽር ከመፈልሰፉ ከብዙ ዘመን በፊት፣ ይህን ሕመም ከማይታይ መቺ ጋር ማያያዛቸው ያስገርማል። የሚለያዩበት ነጥብ ቢኖር ቻይናውያን በዚያ በማይታየው ነፋስ ላይ ከሁለት ሺህ ዓመት የበለጠ ጽሑፍ ማከማቸታቸው ነው። የዚያ ጽሑፍ ትልቁ ጥያቄም «የተመታውን በምን እናድነው?» ብቻ አልነበረም። «ሳይመታ ምን እናድርግ?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ እኩል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቦታ ተሰጥቶታል።

ማሞቂያ በሌላት ከተማ

ይህን የነፋስ ትምህርት መጀመሪያ ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 ለትምህርት ናንጂንግ በኖርኩበት ጊዜ ከአንዲት ሴት የሰማሁት ነው። ናንጂንግ በያንግትዜ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ጥንታዊት ከተማ ናት። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ብርዷ ይጸናል፤ የሙቀት መለኪያው ዜሮ አካባቢ የሚውልበት ቀን ብዙ ነው፤ አየሩም እርጥበት ስላለው ቅዝቃዜው ልብስ አልፎ አጥንት ይነካል። ከ1950ዎቹ ወዲህ በቆየው አሠራር ከሁዋይ ወንዝና ከቺንሊንግ ተራሮች በስተ ሰሜን ያሉ ከተሞች የጋራ የቤት ማሞቂያ ይቀርብላቸዋል፤ በስተ ደቡብ ያሉት ግን አይቀርብላቸውም። ናንጂንግ ከመስመሩ በስተ ደቡብ ስለሆነች ሰው በቤቱ ውስጥ ካፖርት ለብሶ ይቀመጣል።

የምንኖርበትን ሕንፃ በር የሚጠብቁት ሴት ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ይጠጋ ነበር። ተማሪው ሁሉ «አዪ» ይላቸዋል፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው። በእናት ዕድሜ ያለችን ሴት በስሟ መጥራት በዚያ አገርም እንደ እኛው አገር ድፍረት ነው። በየጧቱ ስወጣ አንገቴን አይተው ያስቆሙኛል።

«አንገትህን ሸፍን ልጄ።»

«አዪ፣ አልበረደኝም እኮ!»

«ከበረደህ በኋላ ብትሸፍነው ምን ይረባሃል? ነፋሱ አስቀድሞ ገብቷል።»

የእኔም እናት «ላብህ ሳይደርቅ ነፋስ ላይ አትቁም» እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ ስለዚህ ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም። የቻይና ሕክምና ግን ነፋሱ የሚገባበትን ደጅ ሳይቀር በስም ለይቶ አስቀምጧል። ከራስ ቅል በታች፣ ከማጅራት ግራና ቀኝ ያሉት ጎድጓዳ ቦታዎች «ፌንግቺ» ይባላሉ፤ የነፋስ ኩሬ ማለት ነው። ከትከሻ ዝቅ ብሎ በጀርባ ላይ ያለው ደግሞ «ፌንግመን» ነው፤ የነፋስ በር። የመርፌ ሐኪሞች ጉንፋን ሲጀምር የሚወጉትም፣ እናቶች በሻሽ የሚሸፍኑትም እነዚህኑ ቦታዎች ነው።

ከሻሹ ቀጥሎ የሙቅ ውኃው ነገር ይመጣል። በዚያ አገር ፔርሙዝ የማይታይበት ቢሮ፣ የትምህርት ክፍልና ባቡር የለም ማለት ይቻላል። በመንገድ ሥራ ላይ ያሉ ቻይናውያንን በእኛ አካባቢ ያየ ሰው የሻይ ቅጠል የሚንሳፈፍበትን ክዳን ያለው ብርጭቆ ያስታውሳል። ይህ ልማድ በከፊል ጥንታዊ ቢሆንም በሕዝቡ ሁሉ ዘንድ የጸናው ግን እ.ኤ.አ. በ1952 በተጀመረው አገር አቀፍ የጤና አጠባበቅ ዘመቻ ነው፤ ውኃን አፍልቶ መጠጣት ከዘመቻው ትምህርቶች አንዱ ነበር። ማታ ማታ ደግሞ እግርን በሙቅ ውኃ ሳፋ ውስጥ ነክሮ መቆየት አለ። አዪ ከበራቸው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ እግራቸውን ነክረው ሬዲዮ ሲያዳምጡ ማየት የምሽቱ ሥርዓት ነበር። ዝናብ የመታው ተማሪ ከመጣም ዝንጅብል በቡናማ ስኳር፣ አንዳንዴም ከለጋ ሽንኩርት ነጭ አንገት ጋር አፍልተው ያጠጡታል። «ላብ እስኪልህ ድረስ ብቻ፤ እስኪያጠምቅህ አይደለም» ይላሉ። ይህች የመጠን ማስጠንቀቂያ ከየት እንደመጣች የገባኝ በኋላ ነው።

ዘመዶቹን የቀበረው ሐኪም

የቻይና ሕክምና መሠረት ተደርጎ የሚቆጠረው «ሁዋንግዲ ኔይጂንግ» የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ የተጠናቀረው ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። በሽታ ከጸና በኋላ ማከምን ሰው ከጠማው በኋላ ጉድጓድ መቆፈር ከመጀመሩ ጋር ያመሳስለዋል። ሊቅ የሚባለው ሐኪም ገና ያልታመመውን የሚያክም ነው ይላል። ያልታመመን ማከም የሚለው ሐሳብ እስከ ዛሬ ድረስ የባህላዊ ሕክምናው ዋና መርሕ ሆኖ ቆይቷል።

ስለ ብርድና ትኩሳት በሽታዎች ከሁሉ የታወቀውን መጽሐፍ የጻፈው ግን ዣንግ ዦንግጂንግ የተባለ ሐኪም ነው። የኖረው በሃን ሥርወ መንግሥት መጨረሻ፣ በ2ኛውና በ3ኛው መቶ ዘመን መጋጠሚያ ላይ ነው። በመጽሐፉ መግቢያ ላይ የሚነግረን ምክንያት ልብ ይነካል። ቤተ ዘመዱ ከ200 ሰው የሚበልጥ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ196 ወዲህ፣ አሥር ዓመት እንኳ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ከእነዚህ ዘመዶቹ ከሦስቱ ሁለቱ እጅ ሞቱ፤ ከሞቱት ከአሥሩ ሰባቱን የጨረሳቸው «የብርድ ጉዳት» ብሎ የጠራው የትኩሳት በሽታ ነበር። «ሻንግ ሃን ሉን» ስለ ብርድ ጉዳት የተጻፈ መጽሐፍ ነው፤ የተወለደውም ከሐዘን ነው። ዛሬ የጉንፋን ሻይ በሚያማምሩ ፓኬቶች ታሽጎ ሲሸጥ ስናይ ከጀርባው መቃብር መኖሩን መርሳት የለብንም።

ከመድኃኒቶቹ ሁሉ አንደኛው የቀረፋ ቅርንጫፍ፣ የፒዮኒ አበባ ሥር፣ ጣፋጩ የሊኮሪስ ሥር፣ ዝንጅብልና የእኛ ቁርቁራ ዘመድ የሆነ ቀይ ፍሬ ተቀቅለው የሚሠሩት ነው። ከቅመሙ ይልቅ የሚያስደንቀው የአጠቃቀም ትእዛዙ ነው። ሕመምተኛው መድኃኒቱን ከጠጣ በኋላ ትኩስ የሩዝ አጥሚት ፉት ይላል፤ ብርድ ልብስ ይደረብለታል፤ ላቡ ወዛ ማለት እንጂ እንደ ውኃ መውረድ የለበትም። ከተሻለውም የቀረውን መድኃኒት መጠጣት አያስፈልገውም። የአዪ የመጠን ማስጠንቀቂያ አሥራ ስምንት መቶ ዓመት ያህል ዕድሜ ነበራት ማለት ነው።

ስለዚሁ ሐኪም የሚነገር አፈ ታሪክም አለ። በብርድ ወራት ጆሮአቸው የቆሰለ ድሆችን አይቶ አዘነ ይባላል። የበግ ሥጋ ከበርበሬና ከሚያሞቁ ቅመሞች ጋር ቀቅሎ ከትፎ በሊጥ ጠቀለለላቸው፤ ቅርጹንም በጆሮ አምሳል አደረገው። ሌሊቱ እጅግ በሚረዝምበት የታኅሣሥ ቀን ሰሜን ቻይናውያን «ጂያውዚ» የሚባለውን ጥቅልል የሚበሉት ይህን ለማስታወስ ነው ይላሉ። ታሪኩ እውነት ይሁን ተረት፣ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለውን የእኛን ብሂል የሚያውቅ ሰው ቁም ነገሩ አይጠፋውም። ብርድ ከመጽናቱ በፊት የደከመውን ሰው ማጠንከር የሁለቱም አገር እናቶች ሐሳብ ነው።

የዓመት ሥራ

የቻይናውያን መከላከያ ጉንፋን በሚበዛበት ሳምንት የሚታሰብ ነገር አይደለም። ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ ነው። በሐምሌና በነሐሴ፣ «ሳንፉ» በሚባሉት እጅግ ሞቃት ቀናት፣ በየባህላዊ ሕክምናው ሆስፒታል ረጅም ሰልፍ ይታያል። ሰዎቹ የተሰለፉት በቀጣዩ ብርድ እንዳያስላቸው ነው። የተፈጨ የሰናፍጭ ዘርና ሌሎች ቅመሞች በዝንጅብል ጭማቂ ተለውሰው በጀርባ ላይ ለጥቂት ሰዓት ይለጠፋሉ። የብርድ ወራትን በሽታ በሙቀት ወራት ማከም ይሉታል። መስከረም ሲጠባም «በጸደይ ልብስ አትቸኩል አውልቅ፤ በመከር ለመደረብ አትቸኩል» የሚል ይዘት ያለው ምክር አላቸው፤ ሰውነት ቅዝቃዜን ቀስ በቀስ ይልመድ ለማለት ነው።

ቶሎ ቶሎ ጉንፋን ለሚይዘው ሰው የሚታዘዝ አንድ የታወቀ ዱቄትም አለ። ስሙ «ዩፒንግፌንግ» ይባላል፤ ከጄድ ድንጋይ የተሠራ የነፋስ መጋረጃ ማለት ነው። የሚቀመመው ከሦስት ሥሮች ብቻ ነው፤ አንደኛው ሥር ስሙ ራሱ ነፋስን መከላከል የሚል ትርጉም አለው። በእነዚህ ላይ በየመናፈሻው ጎሕ ሲቀድ አረጋውያን የሚሠሩት ዝግ ያለ እንቅስቃሴ ይጨመራል፤ ታይቺውም፣ «ባዱዋንጂን» የሚባለው ስምንት ክፍል ያለው እንቅስቃሴም። ጥንታዊው መጽሐፍ ደግሞ በብርድ ወራት ቶሎ ተኝቶ ፀሐይ ስትወጣ መነሣትን ያዝዛል።

ያልታመመን የማከም ሐሳብ ከሁሉ ይልቅ ፍሬ ያፈራው ግን በፈንጣጣ ላይ ነው። ቻይናውያን በ16ኛው መቶ ዘመን የደረቀ የፈንጣጣ ቅርፊት ፈጭተው በጤነኛ ሰው አፍንጫ ውስጥ በመንፋት ቀለል ያለ በሽታ አሲዘው ከከባዱ ያድኑት ነበር። በኢትዮጵያም ከፈንጣጣ ቁስል የተወሰደ ፈሳሽ በተበጣ ቆዳ ላይ የማድረግ ልማድ እንደነበረ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የመጡ ተጓዦች ጽፈዋል። «ክትባት» የሚለው ቃላችን «ከተበ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ክታብም የዚሁ ግሥ ልጅ ነው። አንዱ ብራና ላይ ይጻፋል፤ ሌላው ሥጋ ላይ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ሰው የለየው በእምነት ጽናት አይደለም፤ የተከተቡት ሲድኑ በማየት ነው።

አቼቶውና መሸፈኛው

ልዩነቱን የመለየት ነገር የሞት የሽረት ጉዳይ ሲሆን ያየሁት እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ሳርስ የተባለው አዲስ የሳንባ በሽታ በኅዳር 2002 በደቡባዊው ጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ጀመረ። በየካቲት 2003 ወሬው ሲናፈስ ሕዝቡ ወደ መድኃኒት ቤትና ወደ ሸቀጥ መደብር ጎረፈ። ሁለት ነገሮች ከመደርደሪያ ጠፉ። አንደኛው «ባንላንገን» የሚባለው፣ ለጉሮሮ ሕመምና ለትኩሳት የሚጠጣ መራራ ሥር ነው። ሁለተኛው ነጭ አቼቶ ነበር፤ በምድጃ ላይ አፍልቶ ቤቱን በእንፋሎቱ ማጠን በሽታውን ያባርራል ይባል ስለነበር ነው።

ፍርሃቱ በሚያዝያ ወር ናንጂንግ ደረሰ። የትምህርት ቤታችን በር ተዘጋ፤ ጧትና ማታ የሰውነታችን ሙቀት ይለካ ጀመር፤ የመዘገቡት አዪ ናቸው። በአንድ እጃቸው የሙቀት መለኪያ፣ በሌላው ደብተር ይዘው ከክፍል ክፍል ይዞራሉ። በኮሪደሩ ጫፍ ደግሞ አቼቶ ይፈላል፤ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል።

«አዪ፣ እውነት አቼቶው ይረዳል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ቢያንስ መስኮት ያስከፍተናል» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ሳቅ ውስጥ ብዙ እውነት ነበረ። የተከፈተው መስኮት ጠቅሟል፤ ደብተሩም ጠቅሟል። ሳርስ የቆመው ሕመምተኞች ተለይተው ስለታከሙ፣ ከእነርሱ ጋር የነበሩ ሰዎች ተፈልገው ስለተገኙ፣ ሐኪሞችም ራሳቸውን ስለሸፈኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሐምሌ 5 ቀን 2003 ስርጭቱ መገታቱን ሲያስታውቅ በመላው ዓለም 8,096 ሰዎች ታመው 774ቱ ሞተው ነበር። አቼቶ በሽታውን እንደገታ የሚያሳይ ነገር አልተገኘም።

ይህም ትምህርት ቢሆን ከውጭ የመጣ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1910 እና በ1911 የብርድ ወራት በሰሜን ምሥራቅ ቻይና በትንፋሽ የሚተላለፍ የሳንባ ወረርሽኝ ተነሥቶ 60,000 ያህል ሰው ፈጅቷል። ወደ ሐርቢን ከተማ የተላከው ዉ ሊየን-ቴ የተባለ ወጣት ሐኪም የአንዲት ሟች ሴት አስከሬን መርምሮ በሽታው ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ እንደሚያልፍ ተረዳ። ከጥጥና ከፋሻ የተሠራ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ እንዲደረግ፣ ሕመምተኞች እንዲለዩ፣ የባቡር ጉዞም እንዲገደብ አደረገ። ሐሳቡን የናቀ አንድ ስመ ጥር ፈረንሳዊ ሐኪም ሳይሸፍን ሕመምተኞችን ጎበኘ፤ በጥቂት ቀናትም ሞተ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ አልነበረም። ወረርሽኙም በጥቂት ወራት ውስጥ ጠፋ። ስለዚህ «የቻይናውያን መከላከያ» ሲባል ዝንጅብሉን ብቻ ማሰብ ግማሹን ታሪክ መተው ነው፤ መሸፈኛውም የዚያው አገር ቅርስ ነው።

ወንፊቱ

ታዲያ ከዚህ ሁሉ የትኛው ይያዝ? የትኛውስ ይተው? ባህላዊ ሕክምናን በጅምላ የሚያወድስም በጅምላ የሚሳለቅም ከድካም ያመልጣል፤ ጥቅሙን ያጣል እንጂ። ትክክለኛው መንገድ ማጥራት ነው፤ እህል በወንፊት እንደሚነፋ።

በወንፊቱ ካለፉት ዋነኛው ከጉንፋን ወገን ባይሆንም ለአካባቢያችን እጅግ የቀረበ ነው። ቱ ዩዩ የተባሉት ተመራማሪ ከአሪቲያችን ዘመድ ከሆነ ተክል የወባ መድኃኒት ሲፈልጉ ቅጠሉ በፈላ ቁጥር ኃይሉን ያጣባቸው ነበር። በ4ኛው መቶ ዘመን ጌ ሆንግ የጻፈውን የመድኃኒት መጽሐፍ ሲያነቡ ተክሉ በውኃ ተዘፍዝፎ እንዲጨመቅ እንጂ እንዲፈላ አለማዘዙን አስተዋሉ። በዝቅተኛ ሙቀት አወጡት፤ አርቴሚሲኒንም ተገኘ። በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከዚህ ንጥረ ነገር የተሠራው ኮአርተም ከ2004 ጀምሮ በኢትዮጵያ ስንቱን ሕፃን ከወባ እንዳተረፈ ለአንባቢ መንገር አያሻም። የጥንቱ መጽሐፍ ጥቆማ ሰጠ፤ ሥራውን የጨረሰው ግን ፈተናው ነው።

በጉንፋን ወገን ደግሞ «ማሁዋንግ» የሚባለው ቁጥቋጦ አለ። በውስጡ ያለው ኤፌድሪን በ1885 በጃፓን ተነጥሎ ወጣ፤ በ1924 በቤጂንግ የተሠራው ጥናት ለዓለም አስተዋወቀው። የዛሬዎቹ የታፈነ አፍንጫ ማስከፈቻ ክኒኖች የዚህ ተክል የልጅ ልጆች ናቸው። ነገር ግን ልብን የሚያስመታና የደም ግፊትን የሚያንር በመሆኑ አሜሪካ በ2004 በምግብ ማሟያነት እንዳይሸጥ ከልክላለች። በ2020 በመላው ዓለም የታወቀው «ሊያንሁዋ ቺንግዌን» የተባለው እንክብልም ይህ ተክል አለበት፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው «ቅጠል ነው፣ ምን ያደርገኛል» ብሎ ሊውጠው አይገባም።

በ2009 አዲሱ ኢንፍሉዌንዛ በተነሣ ጊዜ ቻይናውያን ሐኪሞች 410 ሕመምተኞችን በአራት ቡድን ከፍለው ፈተና አካሂደዋል። ምንም ያልወሰዱት ሰዎች ትኩሳት በ26 ሰዓት፣ ኦሴልታሚቪር የተባለውን ዘመናዊ መድኃኒት የወሰዱት በ20፣ የዕፅዋት ቅምሙን የጠጡት በ16፣ ሁለቱንም የወሰዱት በ15 ሰዓት አካባቢ ለቅቋቸዋል። ይህ ቀላል ውጤት አይደለም። ሆኖም ሕመምተኞቹ የሚወስዱትን ያውቁ ነበር፤ ፈተናውም የሚናገረው በሽታው ቀለል ስላለላቸው ሰዎች ትኩሳት እንጂ ስለ መከላከል አይደለም።

ስለ መከላከል የተገኘው ማስረጃ የሚደግፈው ከሥሩና ከዱቄቱ ይልቅ የአዪን የቤት ሥርዓት ነው። በብሪታንያ በካርዲፍ ከተማ በ2005 የታተመ ጥናት 90 ሰዎችን እግራቸውን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ 20 ደቂቃ አስነክሮ ነበር። በተከታዮቹ አራትና አምስት ቀናት 13ቱ ጉንፋን እንደያዛቸው ተናገሩ፤ እግራቸውን ካልነከሩት 90 ሰዎች ግን 5ቱ ብቻ። ብርድ ቫይረስ አይወልድም፤ አስቀድሞ የገባውን ግን ሳያጠነክረው አይቀርም። በ2015 በታተመ ሌላ ጥናት 164 ጤነኞች በአፍንጫቸው የጉንፋን ቫይረስ ተደርጎላቸው ነበር። በሌሊት ከስድስት ሰዓት በታች የሚተኙት ከሰባት ሰዓት በላይ ከሚተኙት ይልቅ በጉንፋን የመያዛቸው ዕድል ከአራት እጥፍ በለጠ። በብርድ ወራት ቶሎ ተኛ የሚለው የጥንቱ ትእዛዝ እዚህ ላይ ምስክር አግኝቷል። ስለ ነጭ ሽንኩርት 146 ሰዎች የተሳተፉበት አንድ ጥናት ጉንፋንን እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ አንድ እማኝ ግን ለፍርድ አይበቃም።

በወንፊቱ ላይ የቀረ ገለባም፣ መርዝም አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጅየም የውፍረት መቀነሻ ተብሎ በስሕተት የተሰጠ ቻይናዊ ዕፅ የብዙ ሴቶችን ኩላሊት አጥፍቷል። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል «የማይጎዳ» ማለት አይደለም።

በእኛ ደጅ

የቻይና ሕክምና ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው የቻይና የሕክምና ቡድን በ1963 አልጄሪያ ገባ፤ በ1964 ዛንዚባር፣ በ1974 ደግሞ ኢትዮጵያ ደረሰ። ዛሬ ዝንጅብሉም እንክብሉም በየከተማው ይገኛል። እኛም ባዶ እጃችንን አልተቀበልናቸውም። ለምች የሚታሸው ዳማከሴ፣ በቡና የሚነከረው ጤና አዳም፣ ፌጦው፣ ማሩ፣ በቀንድ የሚደረገው ዋገምት ከእነርሱ ዕፅዋትና የብርጭቆ ዋገምት ጋር ቢተያዩ የሚግባቡ ዘመዳሞች ናቸው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ሰፈር ጠርገን ቆሻሻ የምናቃጥልበት «ኅዳር ሲታጠን» የ1911ዱ ሐዘን ትዝታ ነው፤ ቻይናውያንም በአምስተኛው የጨረቃ ወር አምስተኛ ቀን የአሪቲ ዘመድ የሆነ ሽታማ ቅጠል በደጃቸው ይሰቅላሉ። ከእኛው ሥርዓት ጢሱ ለሳንባ አይበጅም፤ ጽዳቱ ግን ሊቀጥል የሚገባው ነው።

የሚያሳስበኝ ያለን ነገር ማነሱ አይደለም። የሚያሳስበኝ የምንይዝበት መንገድ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱ በተነገረ ሰሞን ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ ከገበያ ሲሻሙ አይቻለሁ። ከዓመታት ቀደም ብሎ ቻይና ውስጥ ያየሁትን የአቼቶ ሽሚያ ከሩቅ አላስታወሰኝም ብል ሐሰት ይሆናል፤ እንዲያውም ዐሥራ ሰባት ዓመት አልፎም ፍርሃቱ አንድ ዓይነት ነበር። ሰው በድንጋጤ ጊዜ የሚገዛ ነገር ይፈልጋል። ያልታመመን ማከም ግን በድንጋጤ ጊዜ የሚገዛ አይደለም፤ በደህናው ቀን የሚሠራ ነው። በቂ እንቅልፍ፣ የሞቀ እግር፣ የታጠበ እጅ፣ የተከፈተ መስኮት፣ ለሽማግሌው በጥቅምት የሚቀቀል አጥንት፣ በሚገኝበት ቦታም የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የዚህ ሥራ ክፍሎች ናቸው። ዝንጅብልና ማር ጉሮሮ ያለሰልሳሉ፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። ትንፋሽ ያጠረው፣ ደረቱን የወጋው፣ ትኩሳቱ ሄዶ የተመለሰበት፣ ወይም ጡት መጥባት ያቃተው ሕፃን ዳማከሴም ባንላንገንም ሊያስጠብቁት አይገባም፤ ቦታው ጤና ጣቢያ ነው። ብዙ ሕይወት የሚጠፋው በቅጠሉ መርዝነት አይደለም፤ ቅጠሉ እስኪሠራ ድረስ በሚባክነው ቀን ነው።

የጥንት ሰዎች፣ የእኛም የእነርሱም፣ ነፋሱ ከዱር ከገደል የሚመጣ መስሏቸው አንገታቸውን ሸፈኑ። ዛሬ ያ መቺ ነፋስ በአብዛኛው የጎረቤት ትንፋሽ፣ የእኔም ትንፋሽ መሆኑን እናውቃለን። ከዚህ እውቀት የሚወጣው ግዴታም ይለያል። የራስን አንገት መሸፈን ራስን መጠበቅ ነው፤ የራስን አፍ መሸፈን ደግሞ ሌላውን መጠበቅ ነው። በእኛ ባህል ለሰላምታ ጉንጭ ሊስም የቀረበን ወዳጅ «ተው፣ ጉንፋን ይዞኛል፤ እንዳላስይዝህ» ብሎ እጅ ደረት ላይ አድርጎ መመለስ የቆየ ጨዋነት ነው። ማንም ሐኪም አላዘዘውም፤ ከየትኛውም አገር በፓኬት ታሽጎ አልመጣም። ያልታመመውን ሰው ያከምንበት የራሳችን መድኃኒት ይኸው ነው፤ ለቅሶ ቤትም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ መስጊድም፣ ታክሲ ውስጥም ይዘነው ብንገባ ነፋሱ ብዙ ሰው ሳይመታ ያልፋል።